ለወንድሜ አማካሪ የከበረ ምስጋና፣ ለተቸገራችሁም ጥቆማ

በመጀመሪያ እግዚአብሔር ይመስገን። ቀጥሎ ለዚህች ሴት ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ስሟና ስልኳ በአደባባይ እንዲለጠፍ ስላልወደደች አልጽፈውም፤ ሥራዋን ሳልናገር ብቀር ግን ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም።

ታናሽ ወንድሜ የግንባታ ፎርማን ነበር። ከፎቅ ወድቆ ጀርባውን ከተጎዳ ወዲህ የሚንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው። ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ያላንኳኳነው በር የለም። አንድ ቦታ ብዙ ገንዘብ ከፍለን፣ ከጠዋት ጀምሮ ተሰልፈን ስንገባ፣ ባለሙያው ወንድሜ ፊቱ ተቀምጦ ሳለ እኔን «ይበላል? ይተኛል?» ብሎ ጠየቀኝ። ጭንቅላቱ እኮ ምንም አልሆነም! ሌላ ቦታ ደግሞ የማይችለውን ሁሉ ፎርም ላይ አስሞልተው «እንግዲህ መቀበል ነው» ብለው ሸኙን። ወንድሜ ከዚያ ወዲህ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውል ጀመር። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ይቺ አማካሪ ቤታችን ድረስ መጣች። እናቴ ወንበር ስታቀርብላት «እዚሁ ይሻለኛል» ብላ ፍራሹ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ጥያቄውን እኔ ልመልስ ስል በእጇ ዝም አሰኘችኝና እሱን ጠበቀችው። ዝም ሲል እሷም ዝም። ቆይታ «ሥራ ቦታ ሰዎች ምን ሲቸግራቸው ነበር አንተን የሚጠሩህ?» አለችው። ስለ ፕላን፣ ስለ ልኬት፣ ስለ ሠራተኛ አያያዝ ሲያወራ ቡናው በረካ ደረሰ።

ሌላ ቀን ስትመጣ የበራችንን ደረጃ አሳይታው «ፎርማን፣ ይሄን ምን እናድርገው?» አለች። እስከዚያ ድረስ ከነወንበሩ ተሸክመን ነበር የምናወጣው። ሜትር አስመጣና ለካ፤ 20 ሴንቲ ሜትር። «ለአንዱ ሴንቲ ከፍታ 12 ሴንቲ ርዝመት ይፈልጋል፤ መወጣጫው 2 ሜትር ከ40 ይሁን» አለ። የአክስታችን ልጅ ሲሚንቶ ሲያቦካ «ውሃ አታብዛበት!» ብሎ ሲጮህበት እናቴ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ያን ድምፁን ናፍቃው ነበር።

እናቴንም ለብቻዋ አነጋግራታለች። እማዬ ውሃ እንኳ በእጁ እንዲቀዳ አትፈቅድም ነበር። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ ሙያው የሷ ነው። አሁን ግን ቡና የሚቆላው እሱ ነው።

ትነሳለህ፣ ትሄዳለህ ብላ አላታለለችውም፤ በዚህም አከብራታለሁ። ይልቅ በ2000 ዓ.ም. የወጣውን የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568 አምጥታ እሱው ራሱ እንዲያነበው ሰጠችው። አሠሪ ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛው የሥራ ቦታውንና መሣሪያውን የማመቻቸት ግዴታ እንዳለበት እኛ ቤት የሚያውቅ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ነው ለድሮ አለቃው የደወለው። ዛሬ ቤቱ ሆኖ የዕቃ ግምት ይሠራላቸዋል፤ ክፍያው ገና ትንሽ ነው፣ ግን የራሱ ነው።

እባካችሁ፣ ቤታችሁ እንዲህ ያለ ሰው ካለ ዝም አትበሉ። አዲስ አበባ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልኳን እሰጣችኋለሁ። መናገር የሚችል ከሆነ ባለጉዳዩ ራሱ እንዲደውልላት ነው የምትፈልገው። እናትና አባትም የየራሳቸውን ቀጠሮ ይያዙ፤ ይጠቅማችኋል።