ሴንቲሜትር ወይስ ፒክስል? የድረ ገጽ ልኬት
በሲኤስኤስ (የድረ ገጽን መልክ በሚወስነው ቋንቋ) 5 ሴንቲሜትር የሚሰፋ ሳጥን ሠርታችሁ ስክሪኑ ላይ ማስመሪያ ብታስጠጉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ልኩ አይገጥምም። ብሮውዘሩ የስክሪኑን ትክክለኛ መጠን አይለካም፤ 1 ኢንች ሁልጊዜ 96 ፒክስል ነው ብሎ ያሰላል። 1 ሴንቲሜትር እንግዲህ 37.8 ፒክስል ገደማ ነው፤ ፕሮጀክተር ላይ ብዙ እጥፍ ሊሰፋ ይችላል።

ፒክስልም ቢሆን ስሙን ያህል ቀጥተኛ አይደለም። የሲኤስኤስ ፒክስል ከስክሪኑ ነጥብ ይለያል፤ እፍጋቱ 3 በሆነ ስልክ ላይ፣ ማለትም አንዱ ፒክስል በወርድም በቁመትም 3 ነጥብ በሚይዝበት፣ አንዱ ፒክስል 9 ነጥብ ይሸፍናል። ፎቶ የሚደበዝዘውም ለዚህ ነው፦ 300 ፒክስል ለሚሰፋ ቦታ ባለ 900 ፒክስል ምስል ካልቀረበ ስልኩ ያለውን ይለጥጠዋል። ጽሑፍና ኤስቪጂ (ከነጥብ ሳይሆን ከመስመርና ከቅርጽ የሚሳል ምስል) ይህ ችግር የለባቸውም።

ለስክሪን እኔ ሴንቲሜትር አልነካም። ለሕትመት ግን ምርጫዬ እሱ ነው፤ በኤ4 የሚታተም ሰርተፍኬት ልኩን ይጠብቃል፣ ፕሪንተሩ ገጹን እንዲያሳንስ ካልታዘዘ በቀር።