ላፕቶፓችሁ እየጋለ ለተቸገራችሁ፦ ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ የሚጠግን አንድ ልጅ አለ

አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም የኮምቦልቻና የደሴ ሰዎች። እኔ እዚህ ብዙ የምጽፍ ሰው አይደለሁም። የሰው አነባለሁ፣ ዱአ አደርጋለሁ፣ አልፋለሁ። ዛሬ ግን ሳልጽፍ ማደር አልሆነልኝም። አንድ ልጅ ትልቅ ውለታ ውሎልኛል። የተቀበለኝ ገንዘብ ትንሽ ነው። የቀረውን በአፌ ልክፈለው።

ነገሩ ላፕቶፕ ነው። ለላፕቶፕ ይሄ ሁሉ የሚል ሰው ካለ ታሪኩን ይስማኝ።

ሁለት ወንዶች ልጆች አሉኝ። ትልቁ ዱባይ ከሄደ አራተኛ ዓመቱን ይዟል። ትንሹ 11ኛ ክፍል ነው። ትልቁ ሲሄድ ትንሹ ገና ልጅ ነበር። ከወንድሙ ጋር አንድ ብርድ ልብስ ለብሶ ነበር የሚተኛው። ወንድሙ ከሄደ በኋላ ልጁ ዝም አለብኝ። ስልክ ሲደወል "ደህና ነኝ" ይልና መልሶ ለእኔ ይሰጠኛል። ምን ያውሩ? አንዱ ሆቴል ሲሠራ ይውላል፣ አንዱ ትምህርት ቤት። ወሬ አጡ።

ባለፈው ዓመት ትልቁ ከሚመጣ ሰው ጋር ላፕቶፕ ላከለት። አዲስ አይደለም፣ የተሠራበት ነው፤ ግን ጌም የሚያጫውት፣ ወፍራምና ከባድ። ከዚያ ወዲህ አርብ አርብ ማታ ሁለቱ የኳስ ጌም ይጫወታሉ፤ ፊፋ ነው የሚሉት። አንዱ እዚያ፣ አንዱ እዚህ። እኔ ጓዳ ሆኜ ቡናዬን እየቆላሁ ድምፃቸውን እሰማለሁ። ይጨቃጨቃሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ "ኦፍሳይድ ነው!" ይባባላሉ። ወላሂ ቤቴ ሞላ። አርብ ሲመሽ ትልቁ ልጄ ከቤት የወጣ አይመስለኝም ነበር።

ሚያዝያ ላይ ላፕቶፑ አመል አመጣ። ሲከፈት ደህና ነው። ጨዋታ ሲጀመርም ደህና ነው። ሩብ ሰዓት ሲሞላው ግን እንደ ወፍጮ ይጮሃል፣ ሥሩ እንደ ምጣድ ይግላል፣ ከዚያ ስታክ ማድረግ ይጀምራል። ተጫዋቾቹ ጭቃ ውስጥ የሚሮጡ ይመስላሉ። አንዳንዴ ጭራሽ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ወንድሙ እዚያ ማዶ "ምን ሆንክ? አለህ?" ይላል። ሦስት አርብ እንዲህ ሆነ። በአራተኛው አርብ ልጄ ላፕቶፑን ሳይከፍት ተኛ።

ከዚያ መንከራተት ጀመርኩ። የሄድኩባቸውን የጥገና ቤቶች ስም አላነሳም። እነሱም ቤተሰብ ያስተዳድራሉ። የደረሰብኝን ግን እናገራለሁ፣ ምክንያቱም እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የመጀመሪያው ገና ሳያየው "ፎርማት ይፈልጋል" አለ። 500 ብር ከፈልኩ። ፎርማት ማለት ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል ማለት እንደሆነ ማን ነገረኝ? ትልቁ ልጄ ጭኖ የላከልን ፎቶዎች ነበሩ። ከጓደኞቹ ጋር የተነሳው፣ ሥራ የገባ ዕለት በዩኒፎርሙ የተነሳው። ሁሉም ጠፋ። ጠጋኙን ብጠይቀው "ቀድመሽ ብትነግሪኝ ኖሮ" አለኝ። ምኑን አውቄ ልንገረው? ላፕቶፑም በዚያው ሳምንት እንደ ድሮው ሆነ።

ሁለተኛው ሦስት ሳምንት ያዘው። ነገ ነይ፣ ከነገ ወዲያ ነይ። በመጨረሻ "ራም ቀይሬለታለሁ" ብሎ (ራም የሚሉት ከውስጡ ዕቃ አንዱ ነው) 3,500 ብር ተቀበለኝ። ቤት ወስደን ብንከፍተው ያው ነው። ተመልሼ ብሄድ "የኮምቦልቻ ሙቀት ነው፣ እኔ ምን ላድርግልሽ?" አለኝ። ሙቀቱን እኔ ያመጣሁት ይመስል። ያውም ሰው ፊት። እንባዬን እየጠረግኩ ነው የወጣሁት።

ሦስተኛው ይብሳል። ልጄን ብቻውን ልኬው ነበር። "ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል፣ ከዚህ በኋላ አይሠራም። ከፈለግክ ለዕቃ በ5,000 ብር እገዛሃለሁ" ይለዋል። ልጄ ተስፋ ቆርጦ ሊሸጥለት ነበር! ወንድሙ በሰው አገር ስንት ወር ያጠራቀመበትን። አልሐምዱሊላህ፣ "እናቴን ልጠይቅ" ብሎ ይዞት መጣ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ጎረቤቴ ስለ ደሴው ልጅ የነገረችኝ። የእህቷ ልጅ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ይማራል፤ የእሱንም የሠራለት ይኸው ልጅ ነው። "ቧንቧ ውሃ አካባቢ ነው፣ ሂጂ ግድ የለሽም" አለችኝ። እውነቱን ለመናገር ተስፋ አልነበረኝም። ሐምሌ ነው፣ ዝናብ ነው። ሚኒባስ ተሳፍረን የሐረጎን ዳገት ወጣን። ላፕቶፑን በጋቢ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ እንደ ሕፃን ይዤዋለሁ። ደሴ ስንደርስ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማውን ሸፍኖታል። ብርዱ አጥንት ይሰብራል።

ሱቁ ጠባብ ነው። ልጁ ሠላሳ ዓመት የሞላው አይመስለኝም። ገና ከበር ስገባ "አብሽሪ እናቴ፣ መጀመሪያ ተቀመጪ" አለኝ።

ፎርማት አላለም። ማዘርቦርድ አላለም። ልጄን "መቼ መቼ ነው የሚያስቸግርህ?" ብሎ ጠየቀው፣ አስጨርሶም ሰማው። "ስትጫወት ምን ላይ ታስቀምጠዋለህ?" አለው። አልጋ ላይ ነው። "ቻርጀሩስ የራሱ ነው?" ይህን እኔ መለስኩ። የራሱ ቻርጀር መብራት ሄዶ ሲመጣ ተቃጥሏል፤ ይሄኛው ከገበያ የገዛሁት ነው። ቻርጀሩን ገልብጦ ጀርባው ላይ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ አነበበ። የላፕቶፑንም ሥር አነበበ። ራሱን ነቀነቀና ዝም አለ።

ከዚያ ልጄን "በል ጨዋታውን ክፈትና ተጫወት" አለው።

ይህን ነው የማልረሳው። ሦስት ቤት ዞረናል፤ አንድም ሰው ጨዋታውን ከፍቶ አላየም። ይህ ልጅ በርጩማውን ስቦ ልጄ አጠገብ ቁጭ አለ። መዳፉን አየር በሚወጣበት በኩል አስጠግቶ ያዘ፣ ትኩሳት እንደሚያይ ሐኪም። ስክሪኑ ጥግ ላይ ሙቀቱን የሚያሳይ ቁጥር አወጣ። 60 ነበር። 80 ሆነ። 90 አለፈ። 97 ላይ ሲደርስ ያ መንቀራፈፍ ጀመረ።

"አየሽ እናቴ" አለኝ፣ "ደሴ እንዲህ በርዶ እዚህ ውስጥ 97 ዲግሪ ነው። የኮምቦልቻ ጥፋት አይደለም።" አንጀቴን አራሰው። ላፕቶፑ የሚንቀራፈፈውም ሙቀቱ እንዳያቃጥለው ሩጫውን ራሱ እየቀነሰ ነው አለን። አሁንም ካልበረደለት ድርግም ብሎ የሚጠፋው ለዚያ ነው። በሦስት ወር ውስጥ ስለ ዕቃዬ የሚገባኝን ነገር የነገረኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

ሊፈታው ሲል ነጭ ወረቀት አወጣና የላፕቶፑን ሥር ሣለ። የፈታውን ብሎን ሁሉ ሥዕሉ ላይ በየቦታው በፕላስተር ለጠፈው። ሲጨርስ ሦስት ቦታ ባዶ ቀረ። "እነዚህ ከበፊቱም የሉም" አለ። ከራሱ ሳጥን ፈልጎ ሞላቸው። ማን እንደጣላቸው አልጠየቀም። ስለ ራሙ ብጠይቀውም "እሱን ተይው እናቴ፣ አሁን ደህና ይሆናል" አለኝ። ገባኝ። በሰው ላይ ክፉ መናገር አልፈለገም።

ከፋኑ ሥር ያወጣውን ብታዩ! አቧራ ልበለው እንጂ የተነደፈ ባዘቶ ነው የሚመስለው፣ ተጠቅልሎ መውጫውን ደፍኖታል። መሃሉ ላይ ሰማያዊ ክር አለበት። የልጆቼ ብርድ ልብስ ሰማያዊ ነው። ልጄ አልጋው ላይ አድርጎ ሲጫወት ፋኑ ብርድ ልብሱን ሲስብ ኖሯል። እንደ ኖራ የደረቀ ነገርም ጠርጎ አዲስ ቅባት ቀባ። ሙቀቱን ወደ ውጪ የሚያሻግረው እሱ ነው፣ ሲደርቅ አያሻግርም አለኝ። ከዚህ በላይ ያለውን አልገባኝም።

ቻርጀሩንም አስረዳኝ። እኔ የገዛሁት 65 ዋት ነው፤ ላፕቶፑ 150 ነው የሚፈልገው። "ለጥናት ይበቃዋል፣ ለጌም ግን በሬን ግማሽ ሆድ አብልቶ ቀኑን ሙሉ ማሳረስ ነው" አለኝ። ስልክ ደውሎ ከሚያውቀው ሰው የሚሆነውን አስመጣልኝ፤ በ1,800 ብር። ገንዘቡንም ቀጥታ ለሰውየው ነው ያስከፈለኝ።

መግሪብ ደረሰ። ሱቁን ለእኛ ትቶ ሰግዶ ተመለሰ። ሠርቶ ጨርሷል፣ ግን "ጨዋታው ሙሉ ሳያልቅ አልሰጣችሁም" አለ። ልጄ ተጫወተ። ቁጥሩ 78 ላይ ሄዶ እዚያው ቆመ። መንቀራፈፍ የለ፣ ጩኸት የለ። አልቆ ሌላ ጨዋታ ተጀመረ። 78። የልጄን ፊት እያየሁ ነበር፣ ቁጥሩን አይደለም።

"ስንት ልስጥህ ልጄ?" ብለው "700 ብር" አለኝ። 1,000 ብሰጠው 300ውን መለሰልኝ። "ይሄ የመሳፈሪያሽ" አለኝ።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅም አመሰግነው ነበር። በሳምንቱ አርብ ግን ከኢሻ በኋላ ስልኬ ጠራ። እሱ ነው። "እናቴ፣ ዛሬ አርብ አይደል? ተጫወቱ?" አለኝ። ልጆቼ አርብ አርብ እንደሚጫወቱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነገርኩት፣ ያውም በወሬ መሃል። በዚያች ሰዓት ልጄ ክፍሉ ውስጥ ከወንድሙ ጋር እየተሟገተ ነበር። ስልኩን ወደ በሩ አስጠግቼ አሰማሁት። እሱም ሳቀ። እኔ አለቀስኩ።

ይኸው ነሐሴ ገብቷል። አንድም አርብ አልተቋረጠም።

ስለዚህ የኮምቦልቻ እናቶች፣ የደሴ ተማሪዎች፣ ላፕቶፓችሁ እየጋለና እየተንቀራፈፈ የተቸገራችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ ሳትሸጡት፣ ሳታስጠፉት ይህን ልጅ አሳዩት። የዕቃችሁን በሽታ ሳያይ መድኃኒት አያዝም። አይዋሽም። አያጣድፍም። ከልቡ ነው የሚሠራው። ለልጄ አልጋ ላይ እንዳያስቀምጠው፣ በዓመት አንድ ጊዜም አቧራውን እንዲያስጠርገው ነግሮታል፤ አሁን ጠረጴዛ ላይ ነው የሚጫወተው። አላህ እጁን ይባርክለት። እናቱን አላውቃትም፣ ግን የወለደች ማህፀን ትባረክ።

ፈቃዱን ስላልጠየቅኩ ስሙንና ስልኩን አደባባይ አላወጣም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ለእያንዳንዳችሁ እመልሳለሁ። አርብ በጁምዓ ሰዓት ይዘጋል፤ ከሰዓት በኋላ ሂዱ። ቻርጀራችሁንም ይዛችሁ ሂዱ፣ እሱንም ይጠይቃችኋል።