ደንገጎን የምትወጣው ትንሿ መኪናዬ፦ ከ14 ወር በኋላ

ከድሬዳዋ ሐረር እናቴ ጋ በሳምንት አንዴ እወጣለሁ። ስለዚህ ኤሌክትሪክ መኪና ልገዛ ስል የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መንገዱ ላይ ያለውን የደንገጎን ዳገት ትወጣለች ወይ? ሻጩ «በአንድ ቻርጅ 305 ኪሎ ሜትር» አለኝ። እኔ ስለ ዳገት ስጠይቀው እሱ ወረቀት አነበበልኝ።

ይኸው 14 ወር ሆነኝ፤ 17,400 ኪሎ ሜትር ነድቻለሁ። ስሟን አልጠራም። ቻይና ሠራሽ፣ አራት ሰው የምትይዝ፣ ባትሪዋ 30 ኪሎዋት ሰዓት የሆነ ትንሽዬ ናት። ጥር 2016 ላይ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ድሬ ላይ ብጤዎቿ በዝተዋል።

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረር ከ1,800 በላይ። መንገዱ ሃምሳ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው። ሦስት ሰው ጭኜ፣ ኤሲ ከፍቼ ስወጣ 34 በመቶ ትበላለች። የመጀመሪያ ቀን ዓይኔን ከቁጥሩ መንቀል አቅቶኝ ነበር። ጉልበቷ ግን አላሳፈረኝም፤ ጠመዝማዛው ላይ ኢሱዙዎቹ ሲያቃስቱ እሷ ዝም ብላ ትወጣለች።

ደስ የሚለው መመለሻው ነው። 66 በመቶ ይዤ ከሐረር እነሳለሁ፤ ደንገጎ ጫፍ ስደርስ 52 ይላል። ድሬ ስገባ 55! ቁልቁለቱ ላይ እግሬን ሳነሳ ሞተሩ ራሱ ጄኔሬተር ሆኖ ባትሪውን መልሶ ይሞላል፤ መኪናዋንም ይይዛታል። ድሮ በፔጆ ታክሲ ስንወርድ የፍሬን ሸራ ሽታ አፍንጫችንን ይዞን ነበር ድሬ የምንገባው።

305 የተባለውን ግን እርሱት። በድሬ ሐሩር ኤሲ ሳይጠፋ 215 ካገኘሁ አመሰግናለሁ። ድሬ ውስጥ ከሳቢያን ከዚራ፣ ከከዚራ መጋላ ለምመላለስ ሰው እሱም ይተርፈኛል። አሮጌዋ መኪናዬ በወር 100 ሊትር ቤንዚን ትጠጣ ነበር፤ ይቺ 160 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበቃታል። የነዳጅ ሰልፍም ቀረልኝ።

መከራዬ የመጣው ከቤቴ ግድግዳ ነው። በመጀመሪያው ወር አንድ ሌሊት የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ብወጣ መኪናዋን ቻርጅ የማደርግበት ኤክስቴንሽን ቀልጧል። የሰፈራችን ኤሌክትሪሻን አይቶ «እህቴ፣ ይሄ እኮ ለቴሌቪዥን ነው» አለኝ። ምጣድ ከቻርጀሬ የበለጠ ይስባል፤ ግን እንጀራው ሲያልቅ ይነቀላል። መኪናዋ ግን አስራ አንድ ሰዓት ሙሉ ስትስብ ታድራለች። ከቆጣሪው ለብቻው ወፍራም ሽቦ ከነ ብሬከሩ ሳበልኝ፣ የመሬት ሽቦም ቀበረ። ከዚያ ወዲህ ሰላም ነው፤ መብራት ካልጠፋ።

ሁለተኛው ብስጭት ዘጠነኛው ወር ላይ ነው። መኪናዋን የሚነዳው ትልቁ ባትሪ 80 በመቶ እያለ መኪናዋ በሯን እንኳ አልከፍት አለች። አንድ መካኒክ መጥቶ እንደምንም ኮፈኑን ከፈተ፤ ከፍተኛ ቮልት የሚያልፍባቸውን ብርቱካናማ ሽቦዎች ሲያይ መልሶ ዘጋው። አልፈርድበትም፣ እነሱን የማያውቅ ሰው መንካት የለበትም። ያዳነኝ ባጃጅ የሚጠግን ልጅ ነው። «አቦ፣ በሩንና ስክሪኑን የምታሠራው ትንሿ 12 ቮልት ባትሪ ናት የሞተችው» አለና እንደማንኛውም መኪና ባትሪ ቀየረልኝ።

ስክሪኑ ቻይንኛ ነው። ለምጄዋለሁ።

ትልቁ ባትሪ ግን እስካሁን አላሳሰበኝም፤ ሐረርን ዛሬም በዚያው 34፣ 35 በመቶ እወጣለሁ። የብረት ፎስፌት የሚባለው የሊቲየም ባትሪ ዓይነት ነው። ኒኬልና ኮባልት ስለሌለበት ይረክሳል፤ በሳምንት አንዴ እስከ 100 መሙላትም ጠቋሚው ቁጥር እንዳይሳሳት ይረዳል። የአውሮፓ ትልልቅ ፋብሪካዎችም ዘግይተው ወደ ርካሹ ገበያ መጥተዋል። ሲትሮኤን ትንሿን ኤሌክትሪክ ሲ3 በ23,300 ዩሮ አወጣ፣ ሬኖ «5» የተባለችውን በ25,000 አካባቢ፤ ቮልስዋገን ደግሞ በፈረንጆቹ 2027 ባለ 20,000 ዩሮ አመጣለሁ ብሏል። ይምጡ። እኔ ግን የምጠይቃቸው ስለ ኪሎ ሜትር አይደለም። ፓራውልቷ ቢሰበር መለዋወጫው ድሬ ላይ ይገኛል? ብርቱካናማውን ሽቦ የሚደፍር የሠለጠነ ሰውስ አላችሁ?

ዛሬ ብገዛ መልሼ እሷኑ እገዛለሁ፤ ሽቦውን አስቀድሜ አስቤ።

ያልለመደቻት እናቴ ናት። የአሮጌዋን ጩኸት ከመታጠፊያው ሰምታ ቡና ትጥድ ነበር። አሁን በሩን ሳንኳኳ ነው የምታውቀው። «ምነው ልጄ፣ እንደ ሌባ ትገቢያለሽ!» ትለኛለች። ስለዚህ መታጠፊያው ላይ ጥሩምባ እነፋለሁ።