የቮልሴ እሳት በብርሃን የተስተካከለበት ጋራዥ

ባሕር ዳር ያለውን የቤዛዊት ዳገት ስትወጣ ሞተሯ እየተንኳኳ ጉልበት ታጣ የነበረችውን አሮጌ ቮልስዋገኔን ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ ዳር ወዳለ አነስተኛ ጋራዥ ወሰድኳት። ባለሙያው ዲስትሪቢዩተሩን (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን ክፍል) በጆሮ ግምት አላዞሩትም፤ የፑንቲናው (በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ የሚከፈትና የሚዘጋው የኤሌክትሪክ መገናኛ) ክፍተት ሲለወጥ የእሳቱም ሰዓት አብሮ ስለሚለወጥ አስቀድመው ክፍተቱን 0.4 ሚሊሜትር ላይ አስተካክለው፣ ከዚያ የእሳቱ ሰዓት የሚታይበትን የታይሚንግ መብራት መቆንጠጫ በአንደኛው ሲሊንደር የካንዴላ ገመድ ላይ አደረጉ። ካንዴላው እሳት በሰጠ ቁጥር መብራቱ ብልጭ ስለሚል፣ የሚሽከረከረው የሞተሩ ፑሌጃ (የቺንጋው መዘውር) የቆመ መስሎ በላዩ ያለው የእሳት ሰዓት ምልክት ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ጠጋ ብዬ እንድመለከት መፍቀዳቸውንም እጅግ አመሰግናለሁ። ምልክቱ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጡት ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ) ቦታውን ስለያዘ ብቻ ሥራውን አላቆሙም፤ ነዳጅ ሰጥተው፣ ፍጥነቱ ሲጨምር እሳቱ በሚገባው መጠን መቅደሙን አረጋገጡ። ቀደም ሲል የሄድኩባቸው ጋራዦች ይህን ይዘሉት ነበር። ወረፋው ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል፤ መኪናዬ ግን አሁን ቤዛዊትን ያለ ማንኳኳት ትወጣለች።