«ግራውንድ ነው» ስለተባላችሁ ብቻ ቀብድ አትክፈሉ

«ግራውንድ» የምትለው ቃል 60,000 ብር አስከፍላናለች። ዊልቸር የሚጠቀም የቤተሰብ አባል ኖሯችሁ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ውስጥ የኮንዶሚኒየም ቤት የምትፈልጉ ሁሉ፣ እባካችሁ ይህን ሳታነቡ ከማንም ደላላ ጋር አትስማሙ።

ታናሽ ወንድሜ በመኪና አደጋ እግሮቹን ማንቀሳቀስ ካቆመ ሦስት ዓመት አለፈው። መንግሥት ደጉሞ ያሠራቸው ኮንዶሚኒየሞች አብዛኞቹ ባለ 4 ፎቅ ሆነው አሳንሰር የላቸውም፤ ስለዚህ ለእኛ የሚሆነን ከታች ያለው ወለል ብቻ ነበር። ደላላው «አብሽሪ እህቴ፣ ግራውንድ ነው፤ ራምፕም አለው፤ ወንድምሽ ብቻውን ገብቶ ይወጣል» አለኝ። ራምፕ ማለት በደረጃ ፈንታ ዊልቸር የሚነዳበት ተዳፋት መውጫ ነው።

ቤቱን ያየሁት በሰኔ መጀመሪያ፣ ብቻዬን ነው። ደላላው በባጃጅ፣ ከታች በኩል ባለው የአፈር መንገድ አድርጎ ብሎኩ አጠገብ አደረሰኝ። መግቢያው ላይ ከሦስት ደረጃዎችና በጎናቸው ከተለሰነ ሲሚንቶ በቀር የሚያሰጋ ነገር አልታየኝም። በማግስቱ ቀብዱን ከፈልኩ።

ወንድሜን ይዤው የሄድኩት ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ክረምቱ ገብቶ ነበር። የአፈሩ መንገድ ጭቃ ሆኗል፤ ባጃጁም አልገባም አለ። ከላይ፣ ከአስፋልቱ በኩል ስንመጣ ወደ ታች የሚወርዱ 11 ደረጃዎች ጠበቁን። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር ተዳፋት ላይ የተሠራች ከተማ ናት፤ በአንድ ጎን ግራውንድ የሆነ ቤት በሌላው ጎን ከመንገድ በታች ሊሆን ይችላል። እዚህ ተወልጄ አድጌ ይህን አለማሰቤ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ወንድሜን ሁለት ጎረምሶች ከነዊልቸሩ ተሸክመው አወረዱት። ቀጥሎ «ራምፕ» የተባለው መጣ። በተለመደው መስፈርት መሠረት ዊልቸር የሚወጣበት ራምፕ ለ1 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ቢያንስ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያስፈልገዋል። ሦስቱ ደረጃዎች 45 ሴንቲ ሜትር ናቸው፤ ስለዚህ ራምፑ 5 ሜትር ከ40 መሆን ነበረበት። የእኛው አንድ ሜትር ተኩል አይሞላም። ያንን ብቻውን ልውጣ ቢል ወደ ኋላ ተገልብጦ ይወድቃል። ውስጥ ገብተን ደግሞ የመታጠቢያ ቤቱን የላሜራ በር ለካን፤ ክፍተቱ 62 ሴንቲ ሜትር፣ ዊልቸሩ 66። ወንድሜ በሩ ላይ ዊልቸሩን አቁሞ ምንም አልተናገረም። እኔ ግን ፊቱን አይቼ ማልቀስ ጀመርኩ።

ሻጩ «ራምፑን አስረዝሙት፣ በሩን አስፉት» አለ። ይህን ማባበያ አትቀበሉ። በጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ከቤታችሁ በር ውጭ ያለው መግቢያና ደረጃ የጋራ መጠቀሚያ ነው፤ ያለ ቤት ባለቤቶቹ ማኅበር ፈቃድ አትነኩትም። ደላላው ደግሞ «ራምፕ በሕግ የግድ ይሠራል» ይል ነበር። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 አንቀጽ 36 አካል ጉዳተኞች የሚገቡበት መንገድ እንዲኖር ያዘዘው ለሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ነው። ኢትዮጵያ በ2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን ግን በአንቀጽ 9 ተደራሽ መሆን ከሚገባቸው መካከል መኖሪያ ቤትን በስም ይጠቅሳል። መብቱ አለን፤ ልንጠይቀውም ይገባል። ነገር ግን አንቀጽ መኖሩ የምትገዙት ቤት ደረጃ የለውም ማለት አይደለም።

ገንዘቡስ? የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 እንደሚለው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ሲተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ከተወ ግን እጥፉን ይመልሳል። የእኛ የቀብድ ውል «በግራውንድ ላይ የሚገኝ ባለ 2 መኝታ ቤት» ብቻ ነው የሚለው። ስለ ራምፑም ሆነ ስለ በሩ የተነገረኝ ሁሉ በቃል ቀረ።

ስለዚህ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ዊልቸሩን ራሱን፣ ተጠቃሚው ተቀምጦበት፣ ከአስፋልቱ እስከ ሽንት ቤቱ መቀመጫ ድረስ ንዱት። ሰውየውን መውሰድ ካልቻላችሁ የዊልቸሩን ስፋት በሜትር ለክታችሁ ሂዱ። ከዝናብ በኋላም ተመልሳችሁ እዩት። የኮምቦልቻ ሰዎች፣ ከተማችን ሜዳ ነው ብላችሁ አትዘናጉ፤ መንገድ ዳር ባሉ ብሎኮች የታችኛው ወለል ብዙ ጊዜ ሱቅ ነው፤ «የመጀመሪያው የመኖሪያ ወለል» የሚሏችሁ አንድ ፎቅ ወጥታችሁ ሊሆን ይችላል። የተባላችሁትን ሁሉ በሴንቲ ሜትር ውሉ ላይ አስጽፉ፤ ካልሆነ ቀብዱ እንዲመለስ የሚያስገድድ ዓረፍተ ነገር ይጨመርበት። ሻጩ ይህን አልፈርምም ካለ ቤቱን ተዉት።

ያ ቤት ዛሬም «ግራውንድ፣ ለአካል ጉዳተኛ የሚመች» እየተባለ ለገበያ ቀርቧል። ከታች በኩል፣ በአፈሩ መንገድ በባጃጅ ሊወስዷችሁ ከፈለጉ፣ «በላይኛው መንገድ አሳዩን» በሏቸው።