ለአሮጌ የሸራ ጀልባ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የቲክ መጨበጫ

በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በተሠሩ የፋይበርግላስ ጀልባዎች ጣሪያ ላይ ያለው የቲክ እንጨት መጨበጫ ሲሰነጠቅ፣ ተቀርጾ ያለቀውን መግዛት ከመጥረብ ይቀላል። እንጨቱ ጥሩ ነው፤ የሚያስቸግረው ልኩ ነው። የእግሮቹ ርቀት ከአሮጌዎቹ ቀዳዳዎች ጋር ላይገጥም ስለሚችል፣ ከእግር መሃል እስከ እግር መሃል ለክቶ ማዘዝ ነው። ጠቅላላ ርዝመት ብቻውን ያሳስታል።

ዋናው ጣጣ ግን ከመጨበጫው በታች ነው። በብዙዎቹ ጀልባዎች በሁለቱ የፋይበርግላስ ሽፋኖች መካከል ባልሳ የሚባል ቀላል እንጨት አለ፤ በብሎኑ ቀዳዳ ውሃ ከገባበት ይበሰብሳል። ለ6 ሚሊሜትር ብሎን፣ የላዩን ሽፋንና ባልሳውን በ12 ፑንታ አስፍቶ፣ ከታች በቴፕ ዘግቶ፣ ወፈር ባለ ኢፖክሲ (የሚጠነክር ሙጫ) መሙላት፤ ሲደርቅ በ6 እንደገና መብሳት። የቀዳዳው አፍ ትንሽ ሰፋ ቢል ማሸጊያው ብሎኑን እንደ ቀለበት ያቅፈዋል።

ለማሸጊያ ቡቲል ቴፕ (ለስላሳ፣ የሚጣበቅ የጎማ ጥብጣብ) ይመረጣል፤ ቲክ ቅባታም ስለሆነ መጀመሪያ በአሴቶን ይወልወል። ስሪ ኤም 5200 የሚባለው ኃይለኛ ማጣበቂያ አይሞከር! የያዘውን ስለማይለቅ፣ ለማውለቅ ሲታገሉት ወይ እንጨቱ ይሰበራል ወይ ጄልኮቱ (የፋይበርግላሱ የላይኛው ልባስ) ይላጣል።

ሲጠብቅ ብሎኑ ከላይ በካቻቢቴ ተይዞ ከውስጥ ዳዶው ብቻ ይዞራል፤ ብሎኑ ከዞረ ማሸጊያው ይቀደዳል። ከሰፊ ሮንዴላ ጋር፣ ቡቲሉ ተጨምቆ እስኪያልቅ ለጥቂት ቀናት ትንሽ ትንሽ ማጥበቅ ያስፈልጋል። የብሎኑን ራስ የሚሸፍነው የእንጨት ውታፍ የመጨረሻው ሥራ ነው፤ በሙጫ ሳይሆን በቫርኒሽ ይተከል፣ ሌላ ጊዜ ያለ ችግር እንዲወጣ።