አልሽር ላለ ቁስል የቱ መሸፈኛ ይሻላል? ከጎዝ እስከ ፎም

ጥቁር አንበሳ አካባቢ ካሉት ፋርማሲዎች አንዱ ከመግባትዎ በፊት ከቁስሉ ላይ የተነሣውን የትናንት ጎዝ አገላብጠው ይዩት። ደርቆ ተጣብቆ ከነበረ ቁስሉ እርጥበት የሚጠብቅለት መሸፈኛ ይፈልጋል፤ ፈሳሹ ፋሻውን አልፎ ከወጣ ደግሞ የሚመጥ።

ተራ ጎዝ የትም ይገኛል። ለጎድጓዳ ቁስል በኖርማል ሳላይን (ከጀርም በጸዳ የጨው ውሃ) ረጥቦ፣ ሳይጠቀጠቅ ላላ ተደርጎ ይሞላል፤ በቀን 1 ወይም 2 ጊዜ ይቀየራል። ችግሩ ሲደርቅ ነው፦ ሲነቀል አዲሱን ቀይ ሥጋ ይዞት ይመጣል፣ ቁስሉም ይደማል። ከተጣበቀ ሳላይን አፍስሰው 5 ደቂቃ ይታገሡ፣ አይጎትቱት። ቫዝሊን ጎዝ አይጣበቅም፤ ግን ስለማይመጥ ከላዩ ደረቅ ጎዝ ይፈልጋል።

ሃይድሮኮሎይድ (ፈሳሽ ሲነካው ጄል የሚሆን ተለጣፊ መሸፈኛ) ፈሳሹ ጥቂት ለሆነ፣ ጥልቀት ለሌለው ቁስል ነው። በየአቅጣጫው ጤነኛው ቆዳ ላይ ከ2 እስከ 3 ሳንቲሜትር እንዲያርፍ አድርገው ይለጥፉት፤ ከ3 እስከ 7 ቀን ይቆያል። ሲነሣ ቢጫ፣ ሽታ ያለው ዝልግልግ ነገር ይታያል። ብዙ ሰው መግል መስሎት ይደነግጣል፤ ታጥቦ ሥሩ ቀይ ከሆነና ሽታው ከጠፋ የመሸፈኛው ቅሪት ነው። መግል የያዘ ቁስል ላይ ግን አይለጠፍም። የስኳር ሕመምተኛ እግር ላይም ሐኪም ሳያይ አይደረግ፤ ለቀናት ተዘግቶ ስለሚቆይ ውስጥ ውስጡን ሲብስ አይታይም።

ብዙ ለሚያፈስ ቁስል አልጂኔት ወይም ፎም (ስፖንጅ መሰል መሸፈኛ) ይግዙ። አልጂኔት ከባሕር አረም የሚሠራ ሲሆን ፈሳሹን መጥጦ ጄል ይሆናል፣ ለጎድጓዳውም ይመቻል፤ ደረቅ ቁስል ላይ ግን ራሱ ደርቆ ይጣበቃል። ፎም ለሜዳማ ቁስል ቀላሉ ነው።

የብር ማዕድን (ሲልቨር) ያለበት መሸፈኛ ኢንፌክሽን ላለበት ብቻ ነው፤ በ2 ሳምንት ውስጥ ጥቅሙ ካልታየ ሐኪም ይጠይቁ። ማርም ይረዳል፣ ነገር ግን በጨረር ከጀርም የጸዳው የሕክምና ማር ነው። የገበያው፣ ነጭና ንጹሕ ቢሆንም፣ የባክቴሪያ ዘር ሊኖርበት ስለሚችል ቁስል ላይ አይቀባ።

ዋጋውን በሳምንት ያስሉ። በቀን 2 ጊዜ የሚቀየር ጎዝ በሳምንት 14 ጊዜ ሳላይን፣ ፕላስተርና ምናልባት የክሊኒክ ታክሲ ይጠይቃል፤ በየ3 ቀኑ የሚቀየር ፎም 2 ወይም 3 ፍሬ ይበቃዋል።

በደም ሥር ችግር ባበጠ እግር ላይ ያለ ቁስል፣ የደም ዝውውሩ ተመርምሮ እግሩ ጠበቅ ባለ ፋሻ ካልታሰረ፣ ውዱ ፎምም ብቻውን አያሽረውም። የስኳር ቁስልም የሚረገጥበት ከሆነ እንዲሁ።